በዘር የሚተላለፍ የሬቲና መመንመንን በዓይን ምስል የመከታተያ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በዘር የሚተላለፍ የሬቲና (በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በምስል ለሚከታተሉ የዓይን ሐኪሞች፣ ኦፕቶሜትሪስቶችና ምስል አንሺ ባለሙያዎች ነው። ስለ ራሱ ወይም ስለ ልጁ ምርመራ ጠለቅ ያለ ግንዛቤ ይዞ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር የሚፈልግ ሰውም ሊጠቀምበት ይችላል።

እነዚህ ሕመሞች በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ መነሻቸው ብዙ ነው። ከ250 በላይ በሆኑ ዘረመሎች ላይ የሚደርስ ጉድለት ሬቲናን እንደሚያመነምን ታውቋል። ከሁሉም በብዛት የሚታየው ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ ሲሆን፣ በግምት ከ4000 ሰዎች አንዱን ይይዛል። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ሮድና ኮን የተባሉት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች፣ ወይም እነዚህን ሴሎች የሚመግበው ባለቀለም ንጣፍ፣ ወይም ሁለቱም በዓመታት ውስጥ ቀስ እያሉ መሞታቸው ነው። በዚህ ዝግታ ምክንያት የፊደል ሰሌዳ ንባብ ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል፤ ታካሚው የመጨረሻውን መስመር እያነበበ ሬቲናው ግን ከዳር ወደ መሐል እያለቀ ሊሆን ይችላል። ምስል ይህንን ቀድሞ ያሳያል። የሚያሳየው ግን የዛሬው ምስል ከአምናው ጋር በእርግጥ የሚነጻጸር ሆኖ ከተነሳ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር ሁሉ የሚያተኩረው ምስሎችን የሚነጻጸሩ አድርጎ በማንሳት ላይ ነው።

1. ምን እንደሚለካ አስቀድሞ መወሰን

ታካሚው መሣሪያው ፊት ከመቀመጡ በፊት የሕመሙን ዓይነት፣ የዘረመል ምርመራ ውጤት ካለም ውጤቱን ያንብቡ፤ የትኛው ምስል የክትትሉ ምሰሶ እንደሚሆን የሚወስነው ይህ ነውና።

በሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ ሮዶች ቀድመው ስለሚሞቱ ጉዳቱ የሚጀምረው ከዳር ነው፤ ስለዚህ በመሐል የቀረው ጤነኛ ክፍል በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚጠብ ይለካል። በስታርጋርት ሕመም ነገሩ ይገለበጣል፤ ጉዳቱ ከማኩላ፣ ማለትም ለጥርት እይታ ከሚያገለግለው የሬቲና መሐል፣ ተነስቶ ወደ ውጭ ስለሚሰፋ የሚለካው የሞተው ክፍል ስፋት ነው። በኮሮይደሬሚያ ደግሞ ጠርዙ እንደ ባሕር ዳርቻ ገባ ወጣ ያለ የቀረ ደሴት ይታያል፤ የሚለካውም የዚያ ደሴት ስፋት ነው። በቤስት ሕመም ከስፋት ይልቅ ከሬቲና ሥር የተጠራቀመው ነገርና ፈሳሹ ያሉበት ደረጃ፣ እንዲሁም አዲስ የደም ሥር መብቀል አለመብቀሉ ዋነኛ ጥያቄ ይሆናል። በአብዛኛው ወንዶችን በሚይዘው የሬቲና መሰንጠቅ ሕመም፣ ማለትም በኤክስ ክሮሞሶም በሚተላለፈው ሬቲኖስኪሲስ፣ በውስጠኛው የሬቲና ሽፋን የሚፈጠሩት ክፍተቶች ይታያሉ።

የዘረመል ውጤት ገና ካልመጣ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ሳይጠብቁ መነሻ ምስሎቹን በሙሉ ያንሱ። ያለፈ ዓመት ምስል ተመልሶ አይነሳም።

2. መነሻ ምስል

የክትትሉ ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያው ቀን ነው። በዚያ ቀን የሚከተሉት በሁለቱም ዓይኖች መነሳት አለባቸው፦ ማኩላን በሙሉ የሚሸፍን የኦ.ሲ.ቲ. ስካን (የሬቲናን ሽፋኖች በብርሃን ቆርጦ የሚያሳይ ምስል)፣ የፈንደስ (የዓይን ውስጠኛ ጀርባ) ኦቶፍሎረሰንስ ምስል (ሬቲናው ብርሃን ሲያርፍበት በራሱ የሚያበራውን የሚያነሳ)፣ ባለቀለም የፈንደስ ፎቶ፣ መሣሪያው ካለ ደግሞ ዳር ዳሩን የሚያሳይ ሰፊ ምስል። ከእነዚህ ጎን ለጎን የእይታ ጥራት፣ የእይታ መስክ ምርመራና ኤሌክትሮሬቲኖግራም (ሬቲና ለብርሃን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ምላሽ ልኬት) ይደረጋሉ። የዓይኑን ርዝመት በባዮሜትሪ መለካትም አስፈላጊ ነው፤ በረጅም ዓይን ውስጥ በመሣሪያው ስሌት 1 ሚሊሜትር የሚባለው ርቀት በእውነቱ ከዚያ የበለጠ ስለሚሆን፣ የዓይን ርዝመት ካልተመዘገበ የሁለት ሰዎችን ልኬት ማወዳደርም ሆነ ልጅ እያደገ ሲሄድ መከታተል ያስቸግራል።

ብዙ ክሊኒኮች የሚዘሉት፣ በእኔ እምነት ግን ፈጽሞ መዘለል የሌለበት ሥራ አለ። በመጀመሪያው ቀን ኦ.ሲ.ቲ.ውን ሁለት ጊዜ ያንሱ። የመጀመሪያው ስካን ካለቀ በኋላ ታካሚው አገጩን ከማስቀመጫው አንስቶ ጥቂት እንዲያርፍ ያድርጉ፤ ከዚያም እንደ አዲስ አስቀምጠው ሁለተኛውን ያንሱ። በአንድ ቀን ሬቲናው አልተለወጠምና በሁለቱ ልኬቶች መካከል የሚገኘው ልዩነት የአሠራሩ ስሕተት ነው። ይህ ቁጥር ወደፊት የሚመጣውን ለውጥ ለመመዘን ያገለግላል፤ አጠቃቀሙ በቁጥር 7 ሥር ተብራርቷል።

3. ታካሚውን ማዘጋጀት

በዳር እይታ መጥፋት የተጎዳ ሰው የማያውቀውን ክፍል፣ በተለይም የጨለመውን፣ በቀላሉ አያቋርጥም። መብራት ሳያጠፉ ወደ ወንበሩ ይምሩት፤ የሚቀመጥበትን፣ አገጩንና ግንባሩን የሚያሳርፍበትን በቃል እየነገሩ እጁን በመሣሪያው እጀታ ላይ ያኑሩለት። ኮኖቹ የተጎዱበት ታካሚ በተቃራኒው ብርሃን ስለሚያስቸግረው ጨለማው ይመቸዋል፤ የእርሱ ምርመራ በደብዛዛ ብርሃን ቢጀመር ትብብሩ ይጨምራል።

የዓይን ብሌን በማስፊያ ጠብታ ቢሰፋ ይመረጣል። ኦ.ሲ.ቲ. ያለ ጠብታም ሊነሳ ይችላል፤ ኦቶፍሎረሰንስ ግን በጠባብ ብሌን ሲነሳ ስለሚጨልም ከሌላ ጊዜ ምስል ጋር አይወዳደርም። ከሁሉም በላይ አንድ ዓይነት መሆን ያስፈልጋል፦ አምና ብሌኑ ሰፍቶ ከተነሳ ዘንድሮም ሰፍቶ ይነሳ።

ቅደም ተከተሉም እንዳይቀያየር ይጠንቀቁ። በኦ.ሲ.ቲ. ይጀምሩ፤ የሚጠቀመው ለዓይን እምብዛም የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሆነ ታካሚውን አያጥበረብርም። ኦቶፍሎረሰንስ ይከተላል። ፍላሽ ያለው ባለቀለም ፎቶ መጨረሻ ላይ ይሁን። ምክንያቱ ምቾት ብቻ አይደለም፤ ኃይለኛ ብርሃን በብርሃን ተቀባይ ሴሎች ውስጥ ያለውን ቀለም ስለሚያነጣው፣ ከፍላሽ በኋላ የተነሳ ኦቶፍሎረሰንስ ከፍላሽ በፊት ከተነሳው ደምቆ ይታያል። በደም ሥር የሚሰጥ የፍሎረሲን ቀለም የታዘዘ ከሆነም ኦቶፍሎረሰንሱ ከዚያ በፊት መነሳት አለበት።

ማትኮር የዚህ ሥራ አስቸጋሪው ክፍል ነው። መሐሉ የጠፋበት ታካሚ እንዲያተኩርባት መሣሪያው ውስጥ የምትታየውን ብርሃን ለማየት ዓይኑን ወደ ጎን ስለሚያዞር ስካኑ ፎቪያን፣ ማለትም የማኩላን እምብርት፣ ይስታል፤ እይታው የጠበበበት ደግሞ ብርሃኗን ፈልጎ እስኪያገኛት ጊዜ ይወስድበታል። አትቸኩሉ። ረጋ ባለ ድምፅ «ብርሃኗን ፈልገው ሲያገኟት ይንገሩኝ፤ እሺ፣ አሁን ጨፈን ከፈት ያድርጉ፤ ይኼው ነው፣ እንደዚያው ይቆዩልኝ» ማለት ከማንኛውም ቅንብር የበለጠ ጥራት ይሰጣል። ብርሃኗ ጨርሶ የማትታየው ከሆነ በሌላኛው ዓይኑ ውጫዊ ነጥብ እንዲያይ ያድርጉ፤ ያም ካልሆነ ስካኑን በደም ሥሮችና በዓይን ነርቭ መውጫ ምልክትነት እራስዎ በቦታው ያሳርፉት፤ ያደረጉትንም ይመዝግቡ። የደረቀ ኮርኒያ (የዓይን የፊት ግልጽ ሽፋን) ምስሉን ስለሚያደበዝዘው አንድ ጠብታ ሰው ሠራሽ እንባ ብዙ ጊዜ ያድናል።

4. ኦ.ሲ.ቲ. ማንሳት

ኦ.ሲ.ቲ. ለመጀመሪያ ጊዜ በ1991 ከታተመ ወዲህ የዚህ ክትትል ዋና መሣሪያ ሆኗል። ዛሬ በአገልግሎት ላይ ያሉት ስፔክትራል ዶሜይን መሣሪያዎች ሬቲናን በጥልቀት ከ5 እስከ 7 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) በሚደርስ ጥራት ይለያሉ።

ሁለት ዓይነት ስካን ያንሱ። አንደኛው በፎቪያ መሐል የሚያልፍ፣ 30 ዲግሪ ማለትም በግምት 9 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው፣ በርካታ ምስሎችን አማክሎ ጥራቱን የሚጨምር አግዳሚ መስመር ነው። ሁለተኛው ማኩላን በሙሉ በተከታታይ መስመሮች የሚሸፍን ጥቅል ስካን ነው። በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት ቢሰፋ 240 ማይክሮን፣ ቢቻል 120 ማይክሮን ይሁን፤ ጠርዝን በትክክል ለመለካት ጠበብ ያለው ይሻላል።

በሁለተኛውና በተከታዩ ጉብኝት መሣሪያው ያለው የክትትል ስልት መበራቱን ያረጋግጡ። ይህ ስልት የዓይኑን የደም ሥሮች እያየ አዲሱን ስካን በአሮጌው ላይ በትክክል ያሳርፋል። እርሱ ሳይበራ የተነሳ ስካን 100 ማይክሮን እንኳ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢሳት፣ ጠርዙ ገባ ወጣ በሚልበት ሕመም ላይ የሌለ ለውጥ ሊፈጥር ወይም ያለውን ሊደብቅ ይችላል።

ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሳ ምስሉን ይመርምሩ። የምልክት ጥንካሬው አምራቹ ካስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን በታች ከሆነ፣ ለምሳሌ በ10 በሚለካ መሣሪያ ከ6 በታች ከወረደ፣ ይድገሙት። ሬቲናው በምስሉ ላይ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ እንደሆነም ያስተካክሉ፤ ጨረሩ በብሌኑ መሐል ሳይገባ ሲቀር አንዳንድ ሽፋኖች በውሸት ይደምቃሉ ወይም ይደበዝዛሉ።

5. ኦ.ሲ.ቲ.ውን ማንበብ

በሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ የተያዘን ዓይን መሐለኛ መስመር ይክፈቱና ከፎቪያ ተነስተው ቀስ እያሉ ወደ ጎን ይሂዱ። ከታች ደማቅና ወፍራም ሆኖ የሚታየው ባለቀለሙ ንጣፍ ነው። ከእርሱ በላይ ቀጭን ደማቅ መስመር አለ፤ ኤሊፕሶይድ ዞን ይባላል፤ የብርሃን ተቀባይ ሴሎቹ ኃይል የሚመረትበትን ክፍል ያመለክታል። ከዚያ በላይ ደግሞ ይበልጥ የቀጠነው የውጭ ገዳቢ ሽፋን፣ ከእርሱም በላይ የሴሎቹ አስኳሎች ያሉበት ጠቆር ያለ ሽፋን ይገኛል። ወደ ጎን ሲሄዱ መጀመሪያ በኤሊፕሶይድ ዞንና በባለቀለሙ ንጣፍ መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ ይህ የሴሎቹ ጫፍ እያጠረ መሆኑን ያሳያል። ጥቂት አለፍ ብሎ ኤሊፕሶይድ ዞኑ ይደበዝዝና ከንጣፉ ጋር ተጣብቆ ይጠፋል። ከዚያም ባሻገር የውጭ ገዳቢ ሽፋኑ ይቀራል፤ የአስኳሎቹ ሽፋንም እየሳሳ ያልቃል። አንድ መስመር ላይ የሕመሙን የተለያዩ ደረጃዎች ከጤናማው እስከ ሞተው ድረስ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል።

የሚለካው ኤሊፕሶይድ ዞኑ ከሚጠፋበት የግራ ጫፍ እስከሚጠፋበት የቀኝ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። በጥቅል ስካን ሲሆን ይኸው በየመስመሩ ተለክቶ ስፋቱ ይሰላል። ጫፉ የት ነው ለሚለው ጥያቄ ሁሉም ለካኞች አንድ ደንብ ይያዙ፤ የሚመከረው መስመሩ ከባለቀለሙ ንጣፍ ላይኛ ጠርዝ ተለይቶ መታየት የሚያቆምበት ነጥብ ነው።

ይህ ልኬት ወሰን አለው። ሕመሙ ገና ከሆነና መስመሩ ከስካኑ ጠርዝ ውጭ የሚዘልቅ ከሆነ ጫፉ አይታይም፤ በዚህ ጊዜ ሰፋ ያለ ስካን ወይም ጎን ለጎን የተገጣጠሙ ስካኖች ያስፈልጋሉ። ሕመሙ ገፍቶ መስመሩ ከጠፋም የሚለካ ነገር አይኖርም፤ ያን ጊዜ የተረፈው የአስኳሎች ሽፋን ውፍረትና የእይታ መስክ ይከተላሉ።

የማኩላ መሐለኛ ውፍረት በመባል መሣሪያው በራሱ የሚያወጣው ቁጥር ለዚህ ክትትል ብቻውን አይበቃም፤ እንዲያውም ያሳስታል። በሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ መመንመን ውፍረቱን ይቀንሳል፣ አብሮ የሚመጣው የማኩላ እብጠት ደግሞ ይጨምረዋል፤ ሁለቱ ሲጣፉ ቁጥሩ «ያልተለወጠ» ሆኖ ይወጣል። በዚያ ላይ ሽፋኖችን በራሱ የሚለየው ፕሮግራም የተሠራው ለጤነኛ ዓይንና ለተለመዱ ሕመሞች ስለሆነ፣ ሽፋን በጠፋበት ቦታ መስመሩን በተሳሳተ ሥፍራ ይስላል። ቁጥር ከመመዝገቡ በፊት እያንዳንዱ መስመር በዓይን ታይቶ ስሕተቱ በእጅ መታረም አለበት።

6. ኦቶፍሎረሰንስና ሰፊ ምስል

በባለቀለሙ ንጣፍ ውስጥ ሊፖፈሲን የሚባል የተረፈ ነገር ይጠራቀማል፤ በሰማያዊ ብርሃን፣ በብዙ መሣሪያዎች በ488 ናኖሜትር፣ ሲመታ ያበራል። ንጣፉ ሲሞት ይጨልማል፤ የተጨናነቀ ሴል ደግሞ ከመጠን በላይ ያበራል። ስለዚህ አንድ ምስል የሞተውንና ችግር ላይ ያለውን ለይቶ ያሳያል።

በብዙ የሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ ታካሚዎች ማኩላን የሚከብብ ደማቅ ቀለበት ይታያል። የቀለበቱ ውስጠኛ ጠርዝ በኦ.ሲ.ቲ. ላይ ኤሊፕሶይድ ዞኑ ከሚያበቃበት ቦታ ጋር ይቀራረባል፤ ቀለበቱ እየጠበበ መሄዱም የሕመሙን መግፋት ያሳያል። ሁለቱ ምስሎች አንዱ ሌላውን የሚያረጋግጡት እዚህ ላይ ነው፦ ቀለበቱ ጠቦ መስመሩ ካልጠበበ፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ከመደምደም በፊት የአነሳሱን ሁኔታ እንደገና ይፈትሹ።

በስታርጋርት ሕመም በእርግጠኝነት የጨለመው ክፍል ስፋት ይለካል፤ ይህ ልኬት በትልልቅ የተፈጥሮ ሂደት ጥናቶችም ያገለገለ ነው። በጤነኛ ዓይንም ቢሆን ፎቪያ ላይ ያለው ቢጫ ቀለም ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ መሐሉ ጠቆር እንደሚል አይዘንጋ። ጨለማው ሞት ነው ወይስ ቢጫው ቀለም የሚለውን ኦ.ሲ.ቲ. ይፈታዋል፤ አረንጓዴ ብርሃን የሚጠቀም መሣሪያ ካለም ይረዳል። የስታርጋርት መነሻ በሆነው ኤ.ቢ.ሲ.ኤ.4 ዘረመል የተጎዳ ሬቲና ለኃይለኛ ብርሃን ይበልጥ ተጋላጭ ሊሆን ይችላል የሚል ስጋት ስላለ፣ ለእነዚህ ታካሚዎች የብርሃኑን መጠን ዝቅ ማድረግ፣ ምስሉን ሳይደጋግሙ በአንድ ጊዜ ማንሳትና ያለ በቂ ምክንያት በየጉብኝቱ አለማንሳት ተገቢ ነው።

ምስሉን ለማሳመር ሲባል የብርሃን መቀበያውን ትብነት ከጉብኝት ጉብኝት መቀያየር ንጽጽሩን ያበላሸዋል። ምስሉ ከተነሳ በኋላም የተነካካውን ብቻ ሳይሆን ጥሬውን ያስቀምጡ።

እስከ 200 ዲግሪ የሚደርስ ሰፊ ምስል በኮሮይደሬሚያ፣ ከዳር በሚጀምሩ ሕመሞችና በሕፃናት ላይ እጅግ ጠቃሚ ነው። በኤክስ ክሮሞሶም የሚተላለፍ ሕመም ተሸካሚ የሆኑ እናቶችና እህቶች ላይም ብዙ ጊዜ ዝንጉርጉር ወይም እንደ ጨረር የተዘረጋ ምልክት ያወጣል። ይሁን እንጂ ዳሩ ስለሚለጠጥ በሚሊሜትር ለመለካት አይመችም፤ የሽፋሽፍት ጥላም የጨለመ ሬቲና ሊመስል ይችላል። ባለቀለም ፎቶ በበኩሉ ለመዝገብና ለታካሚው ለማስረዳት ይረዳል እንጂ፣ ቀስ ያለ ለውጥን በእርሱ መለካት አይቻልም።

7. ለውጡ እውነተኛ መሆኑን መመዘን

ለምሳሌ ያህል በመነሻው ቀን ሁለት ጊዜ የተለካው ኤሊፕሶይድ ዞን 2410 እና 2350 ማይክሮን ወጣ እንበል፤ አማካዩ 2380፣ ልዩነቱም 60 ነው። በዓመቱ 2310 ሆኖ ተገኘ። የ70 ማይክሮን ቅናሽ ከአሠራሩ ስሕተት ብዙም ስለማይርቅ «ሕመሙ ገፍቷል» ተብሎ ሊነገር አይገባም፤ «አልገፋም» ማለትም አይቻልም፤ መዝገቡ ላይ «ገና አልለየም» ይጻፍ። በሁለተኛው ዓመት 2150 ከሆነ ግን ከመነሻው የ230 ማይክሮን ቅናሽ አለ፤ ያ ከስሕተቱ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ እውነተኛ ነው። የክሊኒኩን ስሕተት በደንብ ለማወቅ ከብዙ ታካሚዎች የተገኙትን የአንድ ቀን ሁለት ልኬቶች ልዩነት ይሰብስቡ፤ የልዩነቶቹ መደበኛ ልይይት (ስታንዳርድ ዴቪዬሽን) በ1.96 ሲባዛ፣ ከዚያ በታች ያለ ለውጥ ሁሉ የአሠራር ስሕተት ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

የሞተ ክፍል ስፋት ሲለካ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአንዱ ታካሚ ጨለማ ክፍል ከ4 ወደ 5 ካሬ ሚሊሜትር፣ የሌላው ከ16 ወደ 18 ካሬ ሚሊሜትር በአንድ ዓመት ቢሰፋ፣ ሁለተኛው በእጥፍ የፈጠነ ይመስላል። ካሬ ሥራቸው ሲወሰድ ግን የመጀመሪያው ከ2.00 ወደ 2.24፣ ሁለተኛው ከ4.00 ወደ 4.24 ሄዷል፤ የሁለቱም ጠርዝ በእኩል ፍጥነት ነው የተንቀሳቀሰው። ትልቅ ቁስል ረጅም ጠርዝ ስላለው ብቻ ብዙ ካሬ ሚሊሜትር ይጨምራል። ስለዚህ ሰዎችንም ሆነ የአንድን ሰው የተለያዩ ዓመታት ሲያወዳድሩ ካሬ ሥሩን ይጠቀሙ።

ለካኙ የአምናውን ቁጥር ሳያይ ቢለካ ይመረጣል። ቁጥሩን አስቀድሞ ያየ ሰው ሳያስበው ወደ ጠበቀው ያደላል።

8. ሕመሙ ሳይገፋ የገፋ የሚያስመስሉ ነገሮች

በሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳ ከሌንሱ የኋላ ክፍል የሚጀምር የዓይን ሞራ የተለመደ ነው፤ ኦቶፍሎረሰንሱን ያጨልማል፣ የኦ.ሲ.ቲ.ውን ምልክት ያደክማል፣ እይታንም ይቀንሳል። ታካሚው «ዓይኔ ደከመ» ሲል ሬቲናው እንዳለ ሆኖ ሌንሱ ብቻ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌንሱን ሳያዩ በምስሉ ላይ ተመሥርቶ ተስፋ የሚያስቆርጥ ቃል አይነገር።

የማኩላ እብጠት ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል፤ ከጥቂቶቹ ሊታከሙ ከሚችሉት አንዱ ነውና። በውስጠኛው የአስኳሎች ሽፋን ላይ ጥቁር ከረጢቶች ሆኖ ይታያል። ከእነዚህ ጋር እንዳይምታታ፣ ብርሃን ተቀባይ ሴሎቹ በሞቱበት አካባቢ በውጨኛው ሽፋን ላይ የሚገኙና ዙሪያቸው ደማቅ የሆኑ ክብ ቱቦዎች ፈሳሽ ስላልያዙ ሕክምና አያስፈልጋቸውም። እብጠት ሲገኝ ሐኪሙ ዶርዞላማይድ ጠብታ ወይም አሴታዞላማይድ እንክብል ሊያዝ ይችላል፤ እንክብሉ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ላለበትና የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው አደጋ ስላለው በሐኪም ውሳኔ ብቻ የሚወሰድ ነው። ሕክምና ከተጀመረ ከ1 እስከ 3 ወር ውስጥ ኦ.ሲ.ቲ. ይደገማል።

በማኩላ ላይ የሚጋረድ ስስ ሽፋን ሬቲናን ስለሚያጨማድድ ውፍረቱን ይለውጣል። በቤስት ሕመም ደግሞ አዲስ ደም ወይም ፈሳሽ ከታየ የበቀለ የደም ሥር መኖሩ የደም ሥሮችን በሚያሳየው በኦ.ሲ.ቲ. አንጂዮግራፊ በአፋጣኝ መረጋገጥ አለበት።

እነዚህ ሕመሞች በአብዛኛው ሁለቱን ዓይኖች ተመሳሳይ አድርገው ይጎዳሉ። አንዱ ዓይን ከሌላው ፈጽሞ ተለይቶ ከተጎዳ ሕመሙ በዘር የመጣ መሆኑን እንደገና መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ቂጥኝን የመሰሉ ኢንፌክሽኖች፣ ያለፈ የዓይን ብግነት ወይም ጉዳት ሬቲናይቲስ ፒግሜንቶሳን ይመስላሉ፤ አንዳንዶቹም ይታከማሉ።

9. ከእይታ ምርመራ ጋር ማጣመር

ምስል የሴሉን መኖር እንጂ ሥራውን አያሳይም። ኤሊፕሶይድ ዞኑ ያለበት ቦታ በአብዛኛው ያያል፤ የደበዘዘው ቦታ ግን ማየት አለማየቱ በምስል ብቻ አይታወቅም። ማይክሮፔሪሜትሪ ይህን ክፍተት ይሞላል፤ ሬቲናውን እያየ በየነጥቡ የብርሃን ትብነትን ስለሚለካ ውጤቱ በቀጥታ በኦ.ሲ.ቲ.ው ላይ ሊደረብ ይችላል። ቢያንስ ግን የእይታ መስክ ምርመራ በየዓመቱ ይደረግ፤ 1 ዲግሪ በሬቲና ላይ ወደ 0.3 ሚሊሜትር ስለሚጠጋ፣ በመስኩ ላይ የቀረው መሐለኛ ክበብና በምስሉ ላይ የቀረው መስመር ተቀራራቢ ሆነው መገኘት አለባቸው። ሁለቱ በእጅጉ ከተለያዩ አንዱ በትክክል አልተሠራም፣ ወይም ሌላ ሕመም ተደርቧል።

የዘረመል ሕክምና ለማግኘት ብቁ መሆንም ከምስል ጋር የተያያዘ ነው። በአሜሪካ በታኅሣሥ 2017 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጸደቀው፣ በአር.ፒ.ኢ.65 ዘረመል ጉድለት ለሚመጣ ሕመም የሚሰጠው ቮሬቲጂን ኔፓርቮቬክ ውጤት የሚኖረው በሕይወት ያሉ ሴሎች ሲኖሩ ነው፤ ለማጽደቂያ በተደረገው ሙከራ የሬቲና ውፍረት ከ100 ማይክሮን በላይ የሆነ አካባቢ መኖሩ በኦ.ሲ.ቲ. ይጣራ ነበር። ሕክምናውን በወሰዱ አንዳንድ ታካሚዎች ላይ እየሰፋ የሚሄድ የሬቲና መመንመን ስለታየም ከሕክምናው በኋላ ኦቶፍሎረሰንስና ኦ.ሲ.ቲ. መቀጠል አለባቸው።

10. የጉብኝት ርቀትና መዝገብ

ለአብዛኛው ታካሚ በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል። በየወሩ ማንሳት ታካሚውን ያደክማል፣ ከስሕተቱ የማይበልጥ ለውጥ ያሳያል፣ ጭንቀትንም ይጨምራል። ለሕፃናት፣ እብጠት ላለባቸውና በፍጥነት በሚገፋ ዓይነት ለተያዙ በየ6 ወሩ ይደረግ። ቀጥ ያለ ነገር መጣመም፣ ድንገተኛ የማየት መቀነስ፣ አዲስ የብርሃን ብልጭታ ወይም ተንሳፋፊ ጥቁር ነጠብጣብ ከተሰማ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ መታየት ያስፈልጋል።

ውጤቱን ለታካሚው ሲያስረዱ የአምናውንና የዘንድሮውን ምስል ጎን ለጎን አድርገው በጣት እያመለከቱ የቀረውን ክፍል ያሳዩ። የጠፋው ብቻ ተነግሮት የሚወጣ ሰው ያልተነገረውን ነገር ይጨምርበታል። በእርግጥ የለየ ለውጥ ካልተገኘ ይህን በግልጽ ይንገሩት፤ የሚጠፋበትን ዓመት ከሁለት ምስሎች ተነስተው አይተንብዩለት፤ የሕመሙ ፍጥነት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ይለያያል።

ታካሚው ወደ ሌላ ክሊኒክ ሲዛወር የሚያስፈልገው የታተመ ወረቀት ሳይሆን ጥሬ ፋይሉ ነው፤ ዳይኮም በሚባለው ቅርጽ ቢሰጠው ይመረጣል። ከፋይሉ ጋር የመሣሪያው ስምና ሞዴል፣ የሶፍትዌሩ ስሪት፣ የስካኑ ዓይነትና በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት፣ የኦቶፍሎረሰንሱ የብርሃን ሞገድና ትብነት፣ ብሌኑ ሰፍቶ ወይም ሳይሰፋ መነሳቱ፣ የዓይኑ ርዝመት፣ የማትኮሪያው ዘዴ፣ የዘረመል ምርመራው ውጤት ሙሉ ቃልና ጫፉ የተለካበት ደንብ ተጽፈው ይሰጡት። አዲሱ ክሊኒክ የተለየ አምራች መሣሪያ ካለው የሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ አይቀላቅል፤ በመጀመሪያው ጉብኝት ሁለት ጊዜ አንስቶ አዲስ መነሻ ይክፈት፣ የአሮጌውንም ምስል ለንጽጽር ጎን ለጎን ያኑረው።